በጸዳ መሬት ላይ የሠፈር ንግድ እንዴት ይተከላል? ለሐዋሳ ባለሱቆችና አስመጪዎች የቀረበ ሐተታ

አንድ ሠፈር ፈርሶ መሬቱ ሲጸዳ የሚታየው ቦታ ለመሐንዲሱ ባዶ ሜዳ ነው፤ ለነጋዴው ግን ባዶ አይደለም። በዚያ ቦታ ላይ ትናንት ዘይትና ስኳር በዱቤ የሚወስድ ጎረቤት፣ ከሥራ ሲመለስ ዳቦ የሚገዛ መንገደኛ፣ ዕቃ በእምነት የሚለቅ ጅምላ ሻጭ ነበሩ። ግድግዳው በአንድ ቀን ይፈርሳል፤ የግብይቱ ድር ግን በብዙ ዓመት የተደራ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ከተበጠሰ ሕንጻ በመሥራት ብቻ ተመልሶ አይቀጠልም። ስለዚህም ሠፈርን አፍርሶ እንደገና ለመሥራት ፕላን በሚወጣበት ጊዜ፣ ሱቆቹ ስንት ይሁኑ፣ የት ይሁኑ፣ የማንስ ይሁኑ የሚለው ጥያቄ ከመንገዱ ስፋትና ከሕንጻው ቁመት ጋር እኩል ሊታሰብ ይገባዋል።

በ2016 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በስፋት የተያዘው የኮሪደር ልማት ሐዋሳን ጨምሮ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ከተዛመተ ወዲህ፣ ይህ ጥያቄ ለሐዋሳ ነጋዴ የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቶአል። የመንገድ መስፋትና የከተማ መታደስ ለንግድ የሚጠቅም መሆኑን የሚክድ ነጋዴ የለም። ዳሩ ግን ጥቅሙ ቀድሞ በቦታው ለነበረው ባለሱቅ ጭምር እንዲደርስ ከተፈለገ፣ ነገሩ መታሰብ ያለበት ሠፈሩ ከመፍረሱ በፊት ነው።

ከተማይቱና ገዢዎቿ

ሐዋሳ በፕላን የተወለደች ከተማ ናት። በ1952 ዓ. ም. ገደማ፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን ያስተዳድሩ በነበሩበት ዘመን በሐይቁ ዳር ስትቆረቆር፣ መንገዶቿ ቀጥ ብለው እንዲተላለፉ ሆነው ተነደፉ። ሜዳማነቷም ለእግረኛና ለብስክሌት፣ በኋላም ለባጃጅ እጅግ ተስማሚ አድርጎአታል። በ1987 ዓ. ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 69,169 ነበር፤ በ1999 ዓ. ም. ቆጠራ ግን 157,139 ሆኖ ተገኘ። ይኸውም ከ13 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ለጥቂት ሺህ ሰው ታስቦ የተተከለ ሱቅ ለመቶ ሺዎች እንዲያገለግል ሲገደድ፣ ሱቆቹ ወደ ግቢ ውስጥ፣ ወደ አጥር ሥርና ወደ መንገድ ዳር መውጣታቸው የሚያስደንቅ አይሆንም።

የገዢውም ዓይነት ቢሆን አንድ ሆኖ አልቆየም። በ2008 ዓ. ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ በተመረቀ ጊዜ፣ በወር ደመወዝ የሚተዳደሩ ብዙ ወጣት ሠራተኞች ወደ ከተማይቱ ገቡ። እነዚህ ሠራተኞች የሚገዙት በትንሽ በትንሹ፣ ከመኖሪያቸው አቅራቢያ፣ ፈረቃ ሲወጡ ነው። አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የሆነውን የአጎዋን ዕድል በ2014 ዓ. ም. ለኢትዮጵያ ባቋረጠች ጊዜ ግን፣ በውጭ ገበያ ላይ የተመሠረተ ደመወዝ ምን ያህል ሊናወጥ እንደሚችል ታየ። እንደዚሁም በ2012 ዓ. ም. የሲዳማ ክልል ተቋቁሞ ሐዋሳ ዋና ከተማው ስትሆን፣ በ2015 ዓ. ም. ደግሞ የቀድሞው የደቡብ ክልል በአዳዲስ ክልሎች ሲተካ፣ መሥሪያ ቤቶችና ሠራተኞቻቸው ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛወሩ፤ ሌሎችም በምትካቸው መጡ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ለአንድ ሠፈር የሱቅ ፕላን የሚያወጣ ሰው የትናንቱን ገዢ በልቡ ይዞ ሳይሆን የዛሬውን ገዢ በቤቱና በመንገዱ ቆጥሮ መነሣት የሚገባው መሆኑን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1967 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ካደረገ ወዲህ፣ በአገራችን ከተሞች ያሉ አያሌ ሱቆች የቀበሌ ወይም የሌላ መንግሥታዊ አካል ቤቶች ሆነው በኪራይ ሲሠራባቸው ኖሮአል። ከዚያም በ1986፣ በ1994 እና በ2004 ዓ. ም. በተከታታይ የወጡት የሊዝ አዋጆች፣ አዲስ የንግድ ቦታ በሊዝ የሚገኝበትን ሥርዓት ዘረጉ። የ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለንግድ የሚሰጠውን ቦታ የሊዝ ዘመን 70 ዓመት አድርጎ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ እንዳያንስ ደነገገ። ግንባታውም እንደ መጠኑ ከ24 ወር እስከ 48 ወር ባለው ጊዜ እንዲጠናቀቅ አዘዘ።

ለባለሱቁ ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ግን በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የተጻፈው ነው። ይህ አዋጅ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳ እንዲከፈል ከማዘዙም በላይ፣ መልሶ እንዲለማ በተወሰነ አካባቢ ያለ ባለይዞታ በግልም ሆነ ከሌሎች ጋር በመተባበር ቦታውን በፕላኑ መሠረት ለማልማት የቅድሚያ መብት ያለው መሆኑን ደንግጎአል። ይህ ቃል ታላቅ ቃል ነው። ነገር ግን መብቱ የሚጠቅመው ለተዘጋጀ ሰው ብቻ ነው፤ ገንዘቡን፣ ጓደኞቹንና ንድፉን አስቀድሞ ያላሰናዳ ባለይዞታ የቅድሚያ መብቱ በእጁ እያለ ጊዜው ያልፍበታል። የከተማ መሬት ሕግ ብዙ ጊዜ የሚሻሻል ስለሆነም፣ ማንኛውም ነጋዴ ከመፈራረሙ በፊት የመጨረሻውን ማሻሻያ ከሕግ ዐዋቂ ዘንድ ማረጋገጥ ይገባዋል።

በመካከል የሚቀረው ተከራይ

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ችግሩ የሚጸናው በተከራዩ ባለሱቅ ላይ ነው። የቤቱ ባለቤት ለግድግዳውና ለጣራው ካሳ ይቈጠርለታል። ተከራዩ ግን ግድግዳ የለውም፤ ያለው የንግዱ መልካም ዝና ነው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንግድ መደብርን ግዙፍነት የሌለው ተንቀሳቃሽ ሀብት አድርጎ ሲተረጉም፣ ዋነኛው ክፍሉ ይኸው መልካም ዝና መሆኑን፣ ቤቱን በኪራይ የመያዝ መብትም ከመደብሩ ሀብት የሚቈጠር መሆኑን ገልጦ ነበር። ስለዚህ ነጋዴው ያለው ሀብት በሕግ ያልታወቀ ነገር አይደለም። የሚጎድለው ማስረጃው ነው። የገቢና የወጪ መዝገብ ያልያዘ፣ የኪራይ ውሉ በቃል ብቻ የሆነ፣ ፈቃዱን በየዓመቱ ያላሳደሰ ባለሱቅ፣ የንግድ ገቢዬ ተቋረጠ ብሎ ለመጠየቅ ምን ይዞ ይቀርባል?

የዱቤ መዝገቡንም ማሰብ ይገባል። የሠፈር ባለሱቅ በእጁ ካለው ዕቃ የማይተናነስ ገንዘብ በደንበኞቹ እጅ አለው። ሠፈሩ ሲበተን ባለዕዳው ወደ አቶቴ፣ ወደ ቱላ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ ዕዳውም አብሮት ይሄዳል። ባለሱቁ በበኩሉ የጅምላ ሻጩን ዕዳ መክፈል ያቅተዋል፤ ጅምላ ሻጩም ለአስመጪው ያዘገያል። ስለዚህ የአንድ ሠፈር መፍረስ የሠፈሩ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ አስመጪ ቢኖር፣ የራሱን ተሰብሳቢ ሒሳብ ገልጦ ይመልከት።

ከሌሎች የሚገኝ ትምህርት

የአገራችን ታላቁ ገበያ መርካቶ ራሱ የተወለደው በመዛወር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. ባለው ጊዜ፣ የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ሲታዘዝ ዓላማው ዘርን ከዘር መለየት ነበር። ነጋዴው ግን በአዲሱ ቦታ ሙያ ከሙያ ጋር፣ ተራ ከተራ ጋር ተጠጋግቶ በመቀመጡ ገበያው ሰመረ። ከብዙ ዘመን በኋላ መርካቶ መልሶ ይሠራ በተባለ ጊዜ ደግሞ፣ ብዙ ነጋዴዎች በአክሲዮን ማኅበር እየተደራጁ በነበሩበት ቦታ ላይ ፎቅ ለመሥራት በቅተዋል። በአንጻሩም ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ. ም. በሸማ ተራ የተነሣው እሳት፣ መተላለፊያ በጠበበበት ገበያ የእሳት አደጋ መኪና በቀላሉ ሊገባ እንደማይችል ለሁሉም አሳየ።

በአዲስ አበባ የልደታ ሠፈር 26 ሄክታር ያህል መሬት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጸድቶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በተሠሩበት ጊዜ፣ በምድር ቤት ያሉት የንግድ ክፍሎች በጨረታ ተሸጡ። ጨረታ ለመንግሥት ገቢ የሚበጅ፣ አድልዎንም የሚቀንስ መንገድ ነው። ነገር ግን በጨረታ የሚያሸንፈው ብዙ ገንዘብ ያለው እንጂ የሠፈሩን ደንበኛ የሚያውቀው አይደለም። በሌላም በኩል፣ በዚያችው ከተማ በባሻ ወልዴ ችሎትና በሸራተን ሆቴል አካባቢ ሠፈሮች ከተነሡ በኋላ መሬቱ ለብዙ ዓመት ባዶውን ቆይቶአል። ባዶ መሬት ኪራይ አይከፍልም፤ ግብር አያስገባም፤ በዙሪያው የተረፉትንም ሱቆች ገዢ ያሳጣቸዋል።

ከውጭ አገርም ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎች ይገኛሉ። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሺንግተን፣ የከተማው ደቡብ ምዕራብ ክፍል እንዲፈርስ በተወሰነ ጊዜ፣ የአንድ መደብር ባለንብረቶች የእነርሱ ሕንጻ የተጎሳቈለ አለመሆኑን ገልጠው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እ. ኤ. አ. በ1954 አካባቢው በጠቅላላው በአንድ ፕላን ሊታደስ ይችላል ብሎ ፈረደባቸው። ለብቻ የተደረገ ክርክር መደብሩን አላዳነውም። በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ ደግሞ፣ የከተማው መካከል እ. ኤ. አ. በ1940 በጀርመን ቦምብ በወደመ ጊዜ፣ ጊዜያዊ ሱቆች ወዲያው ተሠርተው ንግዱ እንዳይቋረጥ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ባለሱቆች ተባብረው የገቡበት ላይንባን የተባለው የእግረኛ ገበያ እ. ኤ. አ. በ1953 ተከፈተ። ሱቆቹ ባለሁለት ደርብ ሆነው ገዢው በፊት ለፊት በእግሩ ይመላለሳል፤ የጭነት መኪናው ከኋላ ባለ መንገድ ገብቶ ዕቃ ያራግፋል። እንዲሁም በደቡብ አፍሪካ በደርባን ከተማ፣ በዋርዊክ መገናኛ ከቆየው የማለዳ ገበያ ላይ ትልቅ የገበያ ሕንጻ ለመሥራት እ. ኤ. አ. በ2009 የቀረበው አሳብ በቸርቻሪዎቹ ኅብረት ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው ሳይፈጸም ቀርቶአል።

የቦታው ስሌት

በአንድ ቦታ ላይ ስንት ሱቅ ሊገባ እንደሚችል የሚወስነው የቦታው ስፋት ብቻ አይደለም፤ ወደ መንገድ የሚከፈተው የፊት ለፊት ርዝመት ነው። ለምሳሌ ያህል በመንገድ በኩል 60 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 40 ሜትር የሆነ ቦታ እንውሰድ። ለእያንዳንዱ ሱቅ 4 ሜትር የፊት ስፋት ቢሰጥ፣ በመንገዱ ላይ የሚደረደሩት 15 ሱቆች ይሆናሉ፤ የኋላው ቦታ ግን ሁሉ ለንግድ ሳይሆን ይቀራል። በዚሁ ቦታ መካከል 6 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ወደ ኋላው መንገድ ቢከፈትና የፊተኞቹ ሱቆች ጥልቀት 8 ሜትር ቢሆን፣ በመንገዱ ላይ 13፣ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ደግሞ 16፣ በድምሩ 29 ሱቆች ይገባሉ። መተላለፊያው የእሳት አደጋ መኪና ያስገባል፤ የሚተርፈውም ቦታ ለውሃ ቧንቧ፣ ለመጸዳጃና ለቆሻሻ ማከማቻ ይበቃል።

የገንዘቡንም ስሌት እንዲሁ ማየት ይቻላል። ቦታው 2,400 ካሬ ሜትር ነው። የሊዙ ዋጋ ለአንድ ካሬ ሜትር 5,000 ብር ነው ብንል፣ ጠቅላላው 12,000,000 ብር፣ 10 በመቶው ቅድሚያ ክፍያ 1,200,000 ብር ይሆናል። ይህን ገንዘብ አንድ የሠፈር ባለሱቅ ብቻውን ሊያቀርበው አይችልም። ለ29 ሰዎች ሲከፈል ግን ለአንዱ የሚደርሰው 41,400 ብር ያህል ነው። የግንባታው ወጪ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ባንክም ሆነ አበዳሪ ቀርቦ የሚነጋገረው የቦታ ውል ካለው ማኅበር ጋር ነው። የአክሲዮን ማኅበር ለማቋቋም ሕጉ የሚጠይቀው አምስት አባላትን ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ እዚህ ላይ ሃያ ዘጠኙ መድኃኒት ይሆናሉ።

የሐዋሳ ጠባይ

ከሌላ ከተማ የተቀዳ ፕላን ለሐዋሳ እንዳለ አይበጅም። ከተማይቱ በሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ በብዙ ሥፍራ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው። ስለዚህ የዕቃ ማከማቻን ከመሬት በታች ለመሥራት የሚያስብ ሰው፣ አፈሩን ሳያስመረምር ስኳሩንና ሲሚንቶውን ለእርጥበት አሳልፎ እንዳይሰጥ ያስፈልጋል። መጋዘኑ በኋላ በኩል ወይም በላይኛው ደርብ ቢሆን ይሻላል። ሐይቁም ወደ ውጭ የሚፈስበት መውጫ የሌለው በመሆኑ፣ ከገበያ የሚወጣው እጣቢና ቅባት በመጨረሻ ተጠራቅሞ የሚቀረው በዚያው ነው። በአሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጠውና የሚገዛው ሁሉ በዚህ ውሃ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ የፍሳሽ ማስወገጃን ጉዳይ ከንግዱ ጉዳይ ለይቶ ማየት አይቻልም።

የቀትሩም ፀሐይ ሌላ ነገር ነው። ከሱቁ ፊት ሁለት ሜትር ያህል ጥላ ያለው በረንዳ ቢኖር፣ ገዢው ቆሞ ይመርጣል፤ ዕቃውም ከፀሐይ ይጠበቃል። በመንገድ ዳር ያሉት ዛፎች ለከተማይቱ ጌጥ ብቻ ሳይሆኑ ለነጋዴው ገዢ የሚያቆዩ ረዳቶች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። ብስክሌት ማቆሚያና የባጃጅ ተራም በመግቢያው አጠገብ ይመደቡ፤ የሠፈር ገዢ ሩብ ኪሎ ቡና ለመግዛት ብሎ ሩቅ አይራመድምና።

በጉልት የሚቀመጡት ሴቶችም ከፕላኑ ውጭ መሆን የለባቸውም። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ አቮካዶና ቆጮ ይዘው የሚቀመጡት እነዚህ ሻጮች በየዕለቱ ሰውን ወደ ገበያው የሚጠሩ ናቸው። ለሽንኩርት የመጣች ገዢ ከአጠገቡ ካለው ሱቅ ዘይት ትገዛለች። ጉልቱን አጥፍቶ ሱቁን ብቻ ያስቀረ ገበያ ራሱን ገዢ እንደ ነሣ ይቈጠራል። ስለዚህ በመተላለፊያው አፍ ጣራ ያለውና በትንሽ ኪራይ የሚሰጥ የመደብ ሥፍራ ቢለይላቸው፣ ለባለሱቁም የሚተርፍ ጥቅም ይገኛል።

ፈረሳው በተራ ቢሆን

አንድ ሠፈር በአንድ ጊዜ ሲፈርስ ንግዱም በአንድ ጊዜ ይቆማል። ከዚህ የሚሻለው ሥራውን በክፍል በክፍል ማድረግ ነው። መጀመሪያ በአቅራቢያው ያለ ክፍት ቦታ ተመርጦ በቆርቆሮ ጊዜያዊ ሱቆች ይሠራሉ፤ የመጀመሪያው ክፍል ሱቆች ወደዚያ ይዛወራሉ፤ የእነርሱ ሕንጻ ሲያልቅ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ጊዜያዊው ሥፍራም ለሁለተኛው ክፍል ይለቀቃል። ጊዜያዊው ሥፍራ ከቀድሞው ሠፈር በእግር ከአሥር ደቂቃ የሚበልጥ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል፤ ከዚያ ከራቀ ደንበኛው ሌላ ሱቅ ይለምዳል። የተመላሾቹ ስም ዝርዝርም ፈረሳው ከመጀመሩ በፊት ተጽፎና ታትሞ፣ ለማዘጋጃ ቤቱም ለነጋዴዎቹም መድረስ ይኖርበታል። ስሙ በጽሑፍ ያልሠፈረ ሰው ሕንጻው ካለቀ በኋላ ነበርኩ ቢል የሚሰማው አያገኝም።

ኪራዩንም አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። አዲስ ሕንጻ አዲስ ኪራይ ይዞ ይመጣል። ባለሱቁ የለቀቀውን ኪራይ ከሚከፍለው አዲስ ኪራይ ጋር አስተያይቶ፣ ልዩነቱ ከዕለት ሽያጩ ትርፍ የሚወጣ መሆን አለመሆኑን በወረቀት ማስላት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት ኪራዩ ዝቅ ብሎ ቀስ በቀስ እንዲያድግ የሚል ውል ቢደረግ፣ ሱቆቹ ተዘግተው ከሚቆዩ ይልቅ ለቤቱ ባለቤትም ይበጃል።

አሁን ሊደረግ የሚገባው

የንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች በ1995 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 341 መሠረት የተቋቋሙት፣ የነጋዴውን ድምፅ ለመንግሥት ለማድረስ ጭምር ነው። ይህ ድምፅ የሚሰማው ግን ነጋዴው ቁጥርና ንድፍ ይዞ ሲቀርብ ነው። በአንድ ሠፈር ያሉ ባለሱቆች ተሰብስበው የሱቆቻቸውን ቁጥር፣ የንግዱን ዓይነት፣ የባለቤትና የተከራይ ልዩነት፣ የሚቀጥሯቸውን ሰዎች ብዛት ቢመዘግቡ፣ ይህ አንድ ገጽ ወረቀት ከብዙ አቤቱታ ይበልጣል። ከዚያም አንድ የሕንጻ ንድፍ ዐዋቂ ቀጥረው በቦታው ላይ ሊሠራ የሚችለውን ቢያስነድፉ፣ ለከተማው አስተዳደር የሚያቀርቡት ልመና መሆኑ ቀርቶ ፕላን ይሆናል።

አስመጪዎችና ጅምላ ሻጮችም ከዳር ቆመው የሚያዩት ነገር አይደለም። ብረት፣ ቆርቆሮ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃና ቀለም የሚያስመጣ ነጋዴ ከተደራጀ ማኅበር ጋር በረጅም ጊዜ ክፍያ ቢዋዋል፣ ዛሬ ዕቃውን ይሸጣል፤ ነገም ዕቃውን የሚቸረችሩለት ሱቆች በቦታቸው ይቆዩለታል። ጅምላ ሻጩም ሱቁ በጊዜያዊ ሥፍራ በሚቆይበት ወራት የዱቤውን ጊዜ ቢያራዝም፣ የቆየ ደንበኛውን ከመውደቅ ያድነዋል።

ባለሱቁ በበኩሉ ከዛሬ ጀምሮ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። የኪራይ ውሉን በጽሑፍ ያድርግ፤ ፈቃዱን ያሳድስ፤ የዕለት ሽያጩን ይመዝግብ፤ የዱቤ ደንበኞቹን ስምና ስልክ አጥርቶ ይያዝ፤ ከጎረቤቱ ባለሱቅ ጋር ይመካከር። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ፣ ይህ ሁሉ ቀላል የሚሆነው ሠፈሩ ቆሞ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በሚገናኝበት ጊዜ ነው። የማፍረሻው ቀን ከታወጀ በኋላ ግን እያንዳንዱ ሰው ዕቃውን ለማውጣት ስለሚጣደፍ ለመማከር ጊዜ አይኖረውም።